የወልደአረጋይን እጅ ችቦ ላስያዘው ክፍል

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለሰባት ዋርካ የጨዋታ ሥራዎች ድርጅት
ለተፋላሚዎች ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሐሙስ ተጽፎ ከእሑድ በፊት መልስ ስለሚያስፈልገው ነገር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ሳይታክቱ ለሚያገለግሉዎት ኮምፒዩተሮች ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። ወገብዎን ወንበር እንዳይጎዳው፣ ዓይንዎን ስክሪን እንዳያደክመው፣ እጅዎም እስከ ዛሬ እንደሆነው ሁሉ የሌላውን ሰው እጅ ለማንቀሳቀስ ብርታት እንዳያጣ ጸሎቴ ነው። እኛም በደብረ ብርሃን፣ ብርዱና ነፋሱ እንዳለ ሆኖ፣ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ሁላችንም በሕይወት አለን። «እስከዚህች ሰዓት» ማለቴ ለደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳልሆነ ወረድ ብለው ሲያነቡ ይረዱልኛል።

ለማስታወስ ያህል፣ ሠረቀብርሃን ፍቅረ ማርያም እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሁሉም በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀምር ጊዜ እኔም ከመጣው ነገር ጋር ልስማማ ብዬ፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ ፊት ለፊት አራት ቴሌቪዥን ያላት አንዲት ጌም ቤት ከፈትኩ። ድርጅትዎ ያወጣውን «ዘጠኝ በር» የተሰኘውን የፍልሚያ ጨዋታ በዚህ ሰፈር መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያም አልፎ፣ ከዘጠኙ ተፋላሚዎች አንዱን ከነነፍሱ ይዤልዎ የመጣሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህንን ጽሑፍ የባዳ አቤቱታ አድርገው እንዳይመለከቱብኝ፤ አብሮ የሠራ ሰው ሰላምታ ነው።

ደብዳቤዬ በጌም ቤቴ በር ላይም በፌስቡክም ስለሚለጠፍ፣ ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ እንድጀምረው ይፍቀዱልኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ባልደረቦችዎ በአንዲት ነጭ ሚኒባስ መጥተው ምክቶሽ የሚያውቅ ሰው እንዳፈላልግላቸው ጠየቁኝ። ምክቶሽ ሁለት ሰው ዱላ ለዱላ የሚገጥምበት የአገራችን ጨዋታ ሲሆን፣ ተመልካች የሚያጨበጭበው አብዝቶ ለመታው ሳይሆን አብዝቶ ለመከተው ነው። እኔም ከመጠለያው ወልደአረጋይን አመጣሁላቸው። ወልደአረጋይ ወደ አርባ የሚጠጋ ገበሬ ነው። አባቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ ምዕራብ በሰፋሪነት ተጓዙ፤ እሱ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ እዚያው ቤቱ ተቃጥሎበት፣ ይኸው አባቱ በወጡበት አገር ተፈናቃይ ተብሎ በሸራ ቤት ይኖራል። አባቱ ከአንኮበር ይዘው የሄዱት፣ እሱም ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር ያ የዱላ ጨዋታ ብቻ ነው።

ባልደረቦችዎ ኪራይ አዳራሽ ውስጥ ከገላው ላይ የሚጣበቅ፣ ነጫጭ ኳስ የተለጣጠፈበት ጥቁር ልብስ አለበሱትና ሁለት ቀን ሙሉ በካሜራ ከበው ቀረጹት። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው «ዘጠኝ በር» ሲወጣ እርሱም ወጣ፤ ስሙ «መካች ወልዴ»፣ ግራ ቅንድቡ ላይ የበሬ ቀንድ የተወው ጠባሳ ሳይቀር ቁጭ ብሎ እሱን የመሰለ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ የሠራችሁት ሥራ ድንቅ ነበር፣ ይህን ስል አልቀልድም። መካች ወልዴ ብዙ አይመታም ነበር፤ የተቃጣበትን ሁሉ በዱላው ይመልሳል፣ ባለጋራው እስኪደክም ይጠብቃል። ተጋጣሚው መሣሪያው ከእጁ ቢወድቅበት፣ የምክቶሽ ደንብ እንደሚያዘው፣ ተጫዋቹ የፈለገውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ ወልዴ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ሌላው እስኪያነሣ ይቆማል። የመጠለያው ልጆች «አያ ወልዴን ለኔ፣ አያ ወልዴን ለኔ» እያሉ ይጣሉ ነበር። አንድ ቀን ራሱ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ሲመክት አየ፤ አፉን በመዳፉ ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ሁለተኛውን ክፍል አወጣችሁ። ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ እገደዳለሁ።

፩ኛ. ተፋላሚዎቹን ከዘጠኝ ወደ ዐሥራ አራት በማሳደግዎ፣ ከነባሮቹም ሦስቱን ያለ ስንብት በማሰናበትዎ አመሰግናለሁ። የአረርቲዋ የጤፍ ነጋዴ፣ በአንድ እጇ ኩንታል አንሥታ ተጋጣሚዋ ላይ የምትቀመጠዋ፣ ምን ብታጠፋ ከሥራ እንደወጣች አልተነገረንም። የሰላ ድንጋዩ ደብተራ ግን ዕድለኛ ናቸው፤ ሰውየው ሳይባረሩ መቋሚያቸው ብቻ ተሻሽሎ መብረቅ እንዲተፋ ተደርጓል። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ይህንን አይተው፣ ይህን ያህል የሚሠራ መቋሚያ የሚሸጥበትን ቦታ ካወቅህ ንገረኝ አሉኝ። አድራሻውን ቢጽፉልን ለእርሳቸው አደርስላቸዋለሁ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሚያስቅ ነገር ስለሆነ በእሱ አላስቸግርዎም።

፪ኛ. የወልዴን ዱላ ከእጁ ስለወሰዱለት አመሰግናለሁ። በድረ ገጽዎ ላይ በታተመው ማብራሪያ እንደተገለጸው፣ ብዙ ተጫዋቾች «ከሱ ጋር ፍልሚያው አያልቅም» ብለው ስላማረሩ፣ «ለጨዋታው ሚዛን ሲባል» መመከቱ ተነሥቶበት ለአዲስ ተፋላሚ ተሰጥቷል። ባለጋራ መሣሪያው ሲወድቅበት የመቆሙም ደንብ «ፍጥነት ስለሚቀንስ» ተሰርዟል። ስሙም «አመድ» ተብሏል። በዱላው ፋንታ ችቦ ይዟል። አንዲት ነገር ብቻ ሳትነኩ ተዋችሁለት፤ ፊቱን። ጠባሳው እንዳለ ነው፣ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግበት አኳኋን እንዳለ ነው፣ ሲቆም ቀኝ ትከሻውን የሚያወርድበት እንዳለ ነው። ዐሥራ አራቱን ሁሉ አዲስ ፊት ለመሥራት ጊዜ እንዳጠረዎ ይገባኛል።

የ«አመድ» ኃይል ከሁሉም ስለሚበልጥ ልጆቹ ሁሉ እሱን ይመርጡ ጀመር። ከአራቱ ቴሌቪዥኖቼ በሦስቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ቤት ይቃጠል ነበር። ቤት ተቃጥሎባቸው የመጡ ልጆች ናቸው የሚያቃጥሉት። ይህም ቢሆን ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ማለፌ ያሳፍረኛል።

፫ኛ. አሁን የምጽፈውን በጥሞና እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ወልደአረጋይ ለሦስት ዓመት ሸሽጎት የኖረ ነገር ነውና። የምጽፈው በፈቃዱ ነው። ትናንት «ይጻፍ?» ብዬ ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ፣ «ጻፈው እንግዲህ። ካሁን ወዲያ ምን ቀረኝ» ብሎኛል።

በአዳራሹ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዱላው ሥራ አልቆ ዕቃ ሊሰበሰብ ሲል፣ ከባልደረቦችዎ አንዷ፣ ትሑት ልጅ ነበረች፣ በክፋት አልጠረጥራትም፣ ከዚያ አገር እንዴት እንደወጣ ጠየቀችው። ወልደአረጋይ ወሬ የሚያበዛ ሰው አይደለም። እነሱ በኖሩበት መንደር ደግሞ ነገር በሽማግሌ ሲታይ ምስክር በአፉ ብቻ አይመሰክርም፤ ብድግ ብሎ የበዳዩን ቦታ ይይዝና የሆነውን በገላው ያሳያል። ሲጀምር ግን ሰው እንዳይሳሳት «ያየሁትን ነው እንጂ ያደረግሁትን አይደለም» ብሎ ያስታውቃል። ወልደአረጋይም ያንን ባለ ኳስ ጥቁር ልብስ እንደለበሰ ተነሣ፤ ይህንኑ ቃል ተናገረና ጀመረ።

በአራት ደቂቃ ውስጥ አራት ነገር አሳየን። በግራ እግር በር መስበርን፤ በችቦ የጣሪያውን ክፈፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ቦታ መንካትን፤ በሩ ላይ አንድ እግር ዘርግቶ የሚወጣውን መጠበቅን፤ በመጨረሻም ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሣር ነጭቶ እጅን መጥረግን። በየመካከሉ ይናገር ነበር፤ «ይሄኔ አማረች ጠራችኝ፣ ይሄኔ ደግማ ጠራችኝ» ይል ነበር። አማረች ሚስቱ ነበረች። ቤቱ የገዛ ቤቱ ነው። እሱ ከጓሮ ጎተራው ሥር በደረቱ ተኝቶ ያይ ነበር፤ አልወጣም። ብወጣ ኖሮ አንድ ሰው ይጨመር ነበር እንጂ አንድ ሰው አይቀነስም ነበር ብሎ ራሱን ሊያሳምን ይሞክራል፤ እስካሁን አልሆነለትም።

ለመጠለያው ሰው ግን ይህንን አልተናገረም። ያን ዕለት ገበያ ሄጄ ነበር ነው ያለው። ሚስቱ ስትጠራው ከተኛበት አለመነሣቱን አብረውት ለሚኖሩ ሰዎች መንገር ስላልቻለ ነው። ለእኛ የነገረን ስለማናውቀው ነው፤ እነሱ እንግዳ ሰዎች ናቸው፣ ሚኒባሱ ማታ ይሄዳል፣ እኔም ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ነው። ሲጨርስ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የካሜራዎቹ ቀይ መብራት አልጠፋም ነበር፤ እኔም ለሐዘኑ ክብር ሰጥተው መነካካት ስላልፈለጉ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው።

እነዚያ አራት ነገሮች ዛሬ የ«አመድ» አራቱ እንቅስቃሴዎች ናቸው። አንድም አልጨመራችሁ፣ አንድም አልቀነሳችሁ። በግራ እግሩ በር የሚሰብረው በአንድ ቁልፍ ነው፤ ሦስቱን የጣሪያ ጥግ የሚነካው ሁለት ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ነው፤ በሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚጠብቀው ቁልፍ ሳይነካ በራሱ ነው። ሲያሸንፍ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሣር ይነጭና እጁን ይጠርጋል። ምስክሩን ተከሳሽ ማድረግ በእኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ያየሁት ነገር ነው፤ ግን ጠበቃም፣ ዳኛም፣ ዓመታትም ይጠይቅ ነበር። እርስዎ በአንድ ዝማኔ ጨርሰውታል፣ እደነቃለሁ።

ውሉን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። በአንድ ቃል የተነሣ ክስ ሲወድቅ በዓይኔ ያየሁ ሰው፣ «በሁለቱ ቀናት የተቀረጸውን ማንኛውንም እንቅስቃሴ ድርጅቱ እንደ አስፈላጊነቱ ይገለገልበታል» የሚለውን ጮክ ብዬ አንብቤ፣ «ዱላውን ማለታቸው ነው፣ ፈርም» አልኩት። አምኖኝ ፈረመ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከድርጅትዎ ቀጥሎ ጥፋተኛው እኔ መሆኔን በራሴ እጅ ጽፌ አረጋግጣለሁ። ይህን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከእርስዎ ዘንድ ስለማልጠብቅ የእኔን ለናሙና ቢይዙት ደስ ይለኛል።

፬ኛ. በመጠለያው ውስጥ ይመኙሻል የምትባል ሴት አለች። ከወልደአረጋይ መንደር የተረፈች ናት። ባሏንና ወንድሟን ያን ዕለት ያጣች፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ ተደብቃ የሆነውን ከሩቅ ያየች ናት። የካቲት ማለቂያ ላይ ልጇን ሔራንን ለመውሰድ ጌም ቤቴ መጣች፤ ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም። ልክ ስትገባ በአንደኛው ቴሌቪዥን ላይ «አመድ» አሸነፈ፤ ጎንበስ አለ፣ ሣር ነጨ፣ እጁን ጠረገ።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ «ይሄ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ደግሞ በኩራት፣ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «አያ ወልዴ ነዋ! የኛው አያ ወልዴ!» አሏት። እንደገና እንዲያሳይዋት ጠየቀች፤ አሳዩዋት። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። እኔ ሂሳብ መቀበያው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ፣ የሰውየው ምስጢር ነው ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

የይመኙሻልን ነገር አስቡት፤ እኔ ሴትዮዋን አልፈርድባትም። መንደራቸውን ያቃጠለው ሰው በሣር እጁን መጥረጉን ከእሷና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም ብላ የኖረች ሴት ናት። ወልደአረጋይ ደግሞ ያን ዕለት ገበያ ነበርኩ ያለ ሰው ነው። ታዲያ ያልነበረ ሰው ይህንን ከየት አመጣው? ለጎረቤቷ ስትናገር፣ «ከነአረማመዱ ነው፤ ያላደረገው ሰው እንዲህ አያውቀውም» ብላለች አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ላስረዳዎ። ወልደአረጋይ ውኃ ሊቀዳ ጀሪካኑን ሲያስቀምጥ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሰው ጀሪካኑን ያነሣል። ማንም አይሰድበውም። ጠዋት ሲነሣ በሸራ ቤቱ ደጃፍ አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ተቀምጦ ያገኛል፤ የተነጨ፣ በሥርዓት የተጠቀለለ። መጀመሪያ ልጆች ናቸው ብሎ ነበር። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው። በዚህ በበጋ ያን ያህል እርጥብ ሣር ለማግኘት ወንዝ ድረስ መውረድ እንደሚያስፈልግ ልብ ይበሉልኝ፤ አንድ ሰው በየማለዳው ለዚህ ብሎ ይወርዳል ማለት ነው።

ጌም ቤቴን ከዘጋሁ ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል። ልጆቹ አልመጡም። ይልቅ ጎልማሶች እየመጡ እንድከፍትላቸው በትሕትና ይጠይቁኛል። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይቆማሉ፤ መጫወት አይፈልጉም፤ «ያቺን የሣሯን ብቻ አሳየን» ይላሉ። የለም ስላቸው አይቆጡም፣ አመስግነው ይሄዳሉ። በስልካቸው ቀርጸው የያዙት ሰዎች ስላሉ ለነገሩ የእኔ መዝጋት የጠቀመው ነገር የለም። አንዱ ሲወጣ ዘወር ብሎ፣ «ያመጣኸው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ።

የመጠለያው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዘርአ ዳዊት ጨዋ ሰው ናቸው፤ ነገሩ በጨለማ እንዳያልቅ ፈርተው በአደባባይ እንዲታይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጠሮ ይዘዋል። ወልደአረጋይ መልስ ይሰጣል። ያሰበው ምን እንደሆነም ነግሮኛል፤ «ቆሜ ከጎተራው ሥር ያየሁትን አሳያቸዋለሁ፤ በኛ ደንብ እንደሱ ነው» አለኝ። ቤታቸው በተቃጠለባቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ይመኙሻል ከፊት ቆማ፣ በዚያው እግር በር ሊሰብር፣ በዚያው እጅ ሣር ሊነጭ! «ያየሁትን ነው እንጂ» የሚለውን ማን ቆሞ ይሰማዋል? ሦስት ዓመት ገበያ ነበርኩ ሲል ሰምተውታል። እኔ ልመስክርለት ብል ደግሞ እሱን ወደ እናንተ ወስዶ ያስቀረጸ፣ ጨዋታውን ሲያከራይ የኖረ ሰው ቃል ምን ይቆጠራል?

፭ኛ. ከዚህ በፊት በየካቲት ፳፰ ለጻፍኩልዎ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ፊርማዎ ስላልተነበበልኝ ስምዎን ሳልጠራ መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። ከአዳራሹ የተቀረጸውን ከነድምፁ እንዲልኩልኝ ነበር የለመንኩት። ጽሑፍዎ አራት መስመር ነው። ተፋላሚዎቹ ከማንም ሰው ጋር ቢመሳሰሉ በአጋጣሚ እንደሆነ፣ በቀረጻ ጊዜ የሚቀመጠው እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ ድምፅ እንደሌለ፣ ለታማኝነቴም ስጦታ እንደተላከልኝ ይገልጻል። ስጦታውን ከፍቼ አየሁት። የ«አመድ»ን ችቦ ነበልባል አረንጓዴ የሚያደርግ ኮድ ነው። አልተጠቀምኩበትም፤ ነበልባሉ በመጣበት ቀለም ይበቃናል።

ስለሆነም ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ፊቱን ቀይሩ አልልም፤ ጊዜው አልፏል። ካሳም አልጠይቅም። ያን አራት ደቂቃ ፈልጉት። ድምፅ የለም ያላችሁት እውነት እንዳልሆነ አምኜ፣ ሞኝ ልባል ፈቅጄ ነው የምጠይቀው። አንድ ሰው በስተጀርባ የተወው ስልክ፣ አንድ የረሳችሁት ማይክራፎን አይጠፋም። «ያየሁትን ነው» ሲል፣ የሚስቱን ስም ሲጠራ፣ በድምፁ ይሰማ። እሑድ በአደባባዩ እሱ ከመነሣቱ በፊት ያንን ካሰማኋቸው ይመኙሻል ትሰማዋለች፤ ሴትዮዋ አማረችን ታውቃት ነበር፣ ስሟ እንዴት እንደተጠራ ትለየዋለች። በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ያለዚያ ግን ሰውየውን በዚያ አደባባይ የሚከተለው ነገር ምን እንደሆነ እኔ አልጽፈውም፤ እርስዎ ተፋላሚ ሲወድቅ እንዴት እንደሚወድቅ የሚያውቁ ባለሙያ ነዎት።

በመጨረሻም፣ ስለ ሰው ልጅ እንቅስቃሴ ያለዎት ጥልቅ ፍቅር እየጨመረ እንዲሄድ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ ሁሉ ቤታቸው ሲገቡ በራቸው ሳይሰበር እንዲጠብቃቸው፣ የእርስዎም ስም እንደ ፊርማዎ ሁሉ ለዘለዓለም ሳይነበብ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ጉልበቴን አጥፌ እሰናበትዎታለሁ።

የመካች ወልዴ አምጪ፣ የውሉ አንባቢ፣ የዝግ ጌም ቤት ባለቤት፣
ሠረቀብርሃን ፍቅረ ማርያም

ግልባጭ፦
– ለመጠለያው ኮሚቴ
– ለወይዘሮ ይመኙሻል፣ ማንበብ ከፈለጉ የማነብላቸው ራሴ ነኝ
– ለጌም ቤቴ በር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ፈርሜ ልለጥፍ ስል ከድርጅትዎ ሌላ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። ከእርስዎ ክፍል አይደለም፤ ከድምፅ ክፍል ነው፣ የተነጋገራችሁም አይመስልም። የሦስተኛው ክፍል ተፋላሚዎች እንደገና እየተደለደሉ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ቀረጻ መጨረሻ ላይ የሚሰማው የወንድ ለቅሶ «እጅግ ተፈጥሯዊ ሆኖ ስለተገኘ» ለዐሥራ አራቱም ተፋላሚዎች የመሸነፊያ ድምፅ እንዲሆን ታስቧልና፣ ባለቤቱን አስፈርሜ እንድልክ በአክብሮት ይጠይቃል። ድምፁ እንግዲህ አለ። ከለቅሶው በፊት ያለውን አራት ደቂቃ ቆርጣችሁ እስከ ቅዳሜ ማታ ላኩልኝ። ለቅሶውን እዚያው ያቆዩት፤ ለቅሶ ካነሰባችሁ ግን እሑድ ሚኒባሱን ይዛችሁ ኑና ከአደባባዩ እንደ አዲስ ትቀርጻላችሁ።